ውዱ ሄድፎንና የእትዬ እንጉርጉሮ

የልጅ ልጄ ከአዲስ አበባ ያመጣችልኝን ሄድፎን ጆሮዬ ላይ ያደረገችልኝ ጠዋት ነው፣ በረንዳዬ ላይ፣ ጎረቤቴ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ሲመታ። አንድ ቦታ ላይ ተጫነችና ድምፁ ሁሉ ድንገት ተቆረጠ። ሰውየው መዶሻውን ያነሳል፣ ያወርዳል፤ ምንም የለም። ዶሮዬ አፏን ትከፍታለች፤ ምንም የለም። የልጅ ልጄ እየሳቀች ታወራኛለች፤ የሚንቀሳቀሰው ከንፈሯ ብቻ ነው። የምሰማው የራሴን ደም ነበር፣ እንደ ሩቅ ወንዝ። የሞትኩ ቀን እንዲህ ይሆን ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ ሰው ሁሉ በየቦታው፣ በየሥራው ላይ፣ እኔ ብቻ ከድምፁ ውጭ።

አወለቅኩት።

"ምነው እማማ? ገና ዘፈኑን ሳልከፍትልሽ!"

"ምኑን ትከፍቺልኛለሽ፣ ዓለሙን ዘግተሽብኝ!"

"እሱ እኮ ነው ያስወደደው። የውጭውን ድምፅ ያጠፋል።"

"ለማጥፋትማ ጥጥ ነበረኝ የኔ ልጅ። በከንቱ ወጪ አወጣሽ።"

ዋጋውን ስትነግረኝ ደንግጬ ተቀመጥኩ። ሁለት ፍየል ከነግልገሎቻቸው ይገዛል። ጎረቤቴ ከጣሪያው ላይ ሆኖ፣ "እማማ፣ ፍየሎቹ ይሻሉ ነበር፤ እነሱ ይጮሃሉም ይታለባሉም" አለ። የልጅ ልጄ ግን አልተከፋችም። እዚሁ ጂንካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኮምፒውተር ክፍል ነው የምትሠራው፤ የመጀመሪያ ደመወዞቿን አጠራቅማ የገዛችልኝ አንድ ነገር አስባ ነው። "እትዬን በደንብ እንድትሰሚያት ነው" አለችኝ።

እትዬ ታላቅ እህቴ ነበረች። ደርግ በወደቀ ሰሞን፣ በዚህ አገር መኪና እንደ ዝናብ በሚጠበቅበት ጊዜ፣ እኔና እሷ እየዞርን እንነግድ ነበር። ጂንካ ላይ የቡና ገለፈት እንገዛለን፤ ቆላ የሚፈላው ገለፈቱ ነው እንጂ ፍሬው አይደለም። ትምባሆና ጨሌ እንጨምርበታለን። እስከ ቀይ አፈር የጭነት መኪና ከተገኘ እንሳፈራለን፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ዕድላችን፣ አብዛኛውን በእግር። አርቦሬ ብዙ ጊዜ ወርደናል። አንድ ጊዜ እስከ ዱስ ዘልቀን ኦሞን አይተናል፤ እትዬ ዳር ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችውና፣ "ይሄ ደግሞ ከእኛ ይብሳል፣ አንድ ቀን አይቀመጥም" አለች። ቤት መቀመጥ ለሁለታችንም አይሆንልንም ነበር። እኔ እስከ ዛሬም አልሆነልኝም።

ስንሄድ እኔ ከፊት ነኝ፣ እሷ ከኋላ። ታናሽ ከፊት የሚሄደው ታላቅ እንድታየው ነው። ሸክሙ ጀርባችን ላይ ታስሮ ዞሮ ማየት ይከብዳል፤ ባይከብድም አናደርገውም። እናታችን መንገድ ላይ ዞሮ ማየትን ሰው እንደ መቁጠር ነበር የምታየው። ሰው ከተቆጠረ ይጎድላል ብላ ትፈራለች። ስለዚህ እኔ በአሪኛ፣ በእናታችን ቋንቋ፣ አንድ ስንኝ አወጣለሁ፤ እትዬ አፏን ዘግታ ከሥር ታንጎራጉራለች። እንጉርጉሮው ካለ እሷ አለች። ከተቋረጠ እቆማለሁ። ሳልዞር ነው የምቆመው። እሾህ እያወጣች ይሆናል፤ ማሰሪያዋን እያጠበቀች ይሆናል። ትንሽ ቆይቶ "እምምም" የሚለው ሲመጣ እግሬን አነሳለሁ።

ቤት ውስጥ አታንጎራጉርም ነበር። ሠርግ ላይም፣ ጸሎት ቤትም። የመንገድ ነገር ነው። ስለዚህ ያን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሄድ፣ እትዬ ስታንጎራጉር ፊቷን አይቼ አላውቅም። ያ ድምፅ ለእኔ ፊት የለውም። ከኋላ ነው የሚመጣው፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ዝቅ ብሎ፣ ከመሬት የሚወጣ ይመስል።

አንድ የገበያ ቀን ቀይ አፈር ላይ፣ መዘምራንን በቴፕ የሚቀዳ አንድ ወንድም አገኘን። ስንዘፍን መንገድ ላይ ሰምቶን ነበርና፣ "ያንን ልቅዳላችሁ" አለ። እትዬ ሳቀችበት። "ቆላ እየወረድን የምንዘፍነውን? ማን ሊሰማው?" አለችው። አንድ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ አስገባንና ቴፑን ከፊቴ አስቀመጠ። እትዬን አጠገቤ እንድትቀመጥ ቢለምናትም እምቢ አለች። "እኔ ከኋላ ካልሆንኩ አይወጣልኝም" ብላ በሩ ጋ ከጀርባዬ ቆመች። ዘፈንኩ፤ አንጎራጎረች። ካሴቱን ሰጠንና ወደ ቤታችን ተመለስን።

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየች። ወባ ያዛት። ጂንካ ቤቷ ተኝታ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ እጇ እጄ ውስጥ እያለ ነው ያረፈችው። ፎቶግራፍ የላትም። ከእሷ የቀረኝ ያ ካሴት ብቻ ነው።

ቴፔ ሲያረጅ ዘፈን የሚጭኑ ልጆች ጋ ወስጄ ወደ ስልክ ሚሞሪ አስገለበጥኩት። ከዚያ ወዲህ በኤርፎን ነው የምሰማው። ኤርፎኑን የምገዛው ገበያ መሬት ላይ ሸራ አንጥፎ ከሚሸጥ አንድ ጎልማሳ ነው። ደንበኛሞች ነን፤ ማለት እየተጣላን እንገበያያለን።

"እማማ፣ ይሄ ኦርጅናል ነው።"

"ያለፈውንም ኦርጅናል ብለኸኛል። ቀኝ ጆሮው ሳምንት ሳይሞላው ሞተ።"

"ግራው አለ አይደል? በአንድ ዓይኑ የሚኖር ሰው የለም እንዴ?"

"እንግዲያው ግማሽ ዋጋ ውሰድ።"

"ኧረ እማማ፣ ቁርስ ሳልበላ አይጣሉኝ!"

ሁሉም እንዲሁ ነው፣ ቀኙ ቀድሞ ይሞታል። ሽቦውን አጠፍ አድርጌ በፕላስተር አስረዋለሁ፤ አይድንም። ግን አልተቸገርኩም። በግራ ጆሮዬ የወጣትነት ድምፄ እየሻከረ ይመጣል፤ ባጃጁ፣ የዶሮው ጩኸት፣ የጸሎት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ሁሉ አብሮት ይገባል። ከሥር ደግሞ፣ በስተቀኝ፣ እትዬ ታንጎራጉራለች። እህል እየለቀምኩም፣ ልብስ እየሰፋሁም ስንት ዓመት እንዲህ አብረን ቆየን። ምን ያህል ርካሽ ነገር እንደሆነ አስቤው አላውቅም ነበር።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። የልጅ ልጄ ሄድፎኑን እንደገና አደረገችልኝና ዘፈኑን ከፈተችው።

እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። አፌ ውስጥ ያለው ምራቅ ሳይቀር ይሰማል። ከመዝፈኔ በፊት የሳብኩት ትንፋሽ፣ የቤቱ ቆርቆሮ በሙቀት ሲንጣጣ፣ ውጭ የምትጮህ ፍየል፣ ከሩቅ ዋጋ የሚከራከሩ ሴቶች። ያ የገበያ ቀን ሙሉውን ተመልሶ መጣ። ሴቶቹ ዛሬ በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ እንጃ፤ በጆሮዬ ውስጥ ግን ገና እየተከራከሩ ነው። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨረስኩ። እትዬን ጠበቅኩ።

የለችም።

ሁለተኛውን ስንኝ ጨረስኩ፤ የለችም። በየስንኙ መካከል ትንሽ እቆያለሁ፣ እሷ እንድታንጎራጉር። ያን ጊዜ እየሰማኋት ነው የቆየሁት። ቴፑ ግን አልሰማትም። ከፊቴ ነበር የተቀመጠው፤ እሷ ደግሞ በሩ ጋ ነበረች። በእኔና በእኔ መካከል ባዶ ቦታ ብቻ አለ፣ ፍየሏ የምትጮህበት።

"አጥፍተሻታል" አልኩ። "ድምፅ ያጠፋል ብለሽኝ አልነበር? እሷንም አጠፋት።"

"የውጭውን ነው እንጂ የካሴቱን አያጠፋም እማማ።" ከራሴ ላይ ወስዳ እሷም ሰማችው። ማጥፊያውን ዘጋችና እንደገና ሰማችው። ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ "እስቲ በኤርፎንሽ ስሚው" አለችኝ።

በፕላስተር የታሰረውን ጆሮዬ ውስጥ ከተትኩ። ዘፈኑ ጀመረ። የመጀመሪያው ስንኝ እንዳለቀ፣ በስተቀኝ፣ ዝቅ ብሎ መጣ።

"ይኸው! ይኸው መጣች!" አልኩ።

የልጅ ልጄ ልክ እንደ ታመመ ሰው አየችኝ። "እማማ፣ አንቺ እኮ ነሽ።"

"እኔ ምን?"

"አፍሽን ዘግተሽ የምታንጎራጉሪው አንቺ ነሽ። ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የምሰማሽ። ቀኙ ደግሞ የሞተ ነው፤ በክፍቱ ጆሮሽ ራስሽን ትሰሚያለሽ። ሄድፎኑን ስታደርጊ ግን ደንግጠሽ ነው መሰለኝ፣ ጭጭ ብለሽ ነበር።"

በሙሉ ልቧ፣ በፍቅር ነው የነገረችኝ። ትክክል ሳትሆንም አትቀርም። እኔ ግን ያን ቀን እንደ አዲስ ቀበርኳት። ካሴቱ ላይ ከሌለች የት አለች? ሌላ ቦታ የለኝም።

ብዙ ጊዜ ዘፈኑን ሳልከፍተው ቆየሁ። አንዳንዴ ብቻዬን ስሆን ሆን ብዬ አፌን ዘግቼ እሞክራለሁ። የሚወጣው የአሮጊት ድምፅ ነው፣ ቀጭን፣ ከአፍንጫ የሚመጣ። ወደ ታች ላወርደው ስል ሳል ይሆናል። እንዴት ነበር ታዲያ ሳላውቀው የማወርደው? ለልጅ ልጄ አልነገርኳትም። ሄድፎኑን መልሼ ሰጠኋት፤ "ወጣት ጆሮ ይገባዋል" አልኳት። ወሰደችው፣ ቅር እያላት።

ክረምቱ ሲወጣ እግሬ እንደ ልማዱ አላስቀምጥ አለኝ። አርቦሬ ውስጥ የጥንት ደንበኛዬ የነበረች ሴት አለች፤ እኔና እትዬ ቤቷ ስንት ጊዜ አድረናል። ታማለች የሚል ወሬ ሰማሁ። ቤተሰቡ ሁሉ፣ "በዚህ እድሜሽ ቆላ ብቻሽን? አይሆንም!" አለኝ። የልጅ ልጄ ፈቃድ ወስዳ አብራኝ ወረደች፣ ሄድፎኗን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ።

መኪናው ጎርፍ መንገዱን የቆረጠበት ቦታ ላይ አወረደን። መንደሩ ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ ቀጥ ያለ የእግር መንገድ አለው፣ ዳርና ዳሩ ግራር ነው። አሁን እኔ ዘገምተኛ ነኝ፤ ከፊት ብሄድ መንገድ እዘጋባታለሁ። ስለዚህ እሷን አስቀደምኩ። ወጉን እየሳቅኩ ነገርኳት፤ "አትዙሪ። እንጉርጉሮዬን ከሰማሽ አለሁ፤ ከተቋረጠ ቁሚ።"

"እሺ እማማ። ከጠፋሽብኝ ግን እናቴ ትገለኛለች።"

"ዝም ብለሽ ሂጂ፣ አንቺ!"

እኩለ ቀን ነበር። ጥላ እግራችን ሥር ገብቶ ጠፍቷል። በጨው ባሕር በኩል አየሩ እንደ ውሃ ይርገበገባል፤ እዚያ ላይ ከብት የሚመስል ጥቁር ነገር ይታያል፣ እግር የሌለው፣ ተንሳፍፎ። ትንሽ እንደሄድን የልጅ ልጄ ሄድፎኑን ከአንገቷ ወደ ጆሮዋ አወጣችው። ጣቷ ማጥፊያው ላይ ሲያርፍ አየሁ። አይ እንግዲህ፣ በከንቱ ነው የማንጎራጉረው ብዬ ሳቅኩ። ጉሮሮዬም ደርቆ ነበርና ተውኩት።

ወዲያው እሾህ የላስቲክ ጫማዬን በስቶ ገባ። ጠራኋት። አልሰማችም። ጮክ ብዬ ጠራኋት፤ ትሄዳለች። ግራሩ ሥር ተቀመጥኩና ጫማዬን አወለቅኩ።

ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር ልብ ያልኩት። ድምፅ አልነበረም። ወፍ የለም፣ ነፋስ የለም፣ ሁልጊዜ የሚያሰለቸኝ የቆላ ነፍሳት ጭርጭርታ እንኳ የለም። አንድ ሰው ትልቅ ሄድፎን አገሩ ላይ ያደረገበት ይመስል ነበር። የልጅ ልጄ ጀርባ እያነሰ ይሄዳል። ከዚያ ቆመች።

ሳትዞር ነው የቆመችው። አሁን ትዞራለች አልኩ። እጄን ለማውለብለብ አነሳሁ። እሷ ግን ራሷን ዘንበል አድርጋ፣ የሆነ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው፣ ትንሽ ቆየች። ከዚያ እግሯን አነሳችና መንገዷን ቀጠለች፣ ተረጋግታ። ግራሩ ጋረዳት።

እኔ ያንን አቋቋም አውቀዋለሁ። ከውጭ አይቼው አላውቅም እንጂ ሕይወቴን ሙሉ የቆምኩት አቋቋም ነው።

እሾኹን አውጥቼ እያነከስኩ ተከተልኩ። መንደሩ መግቢያ፣ ከብቶች የሚያርፉበት ዛፍ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት፤ ጀርባዋ ወደ መንገዱ ነው፣ ሄድፎኑ ገና ጆሮዋ ላይ። ትከሻዋን ስነካት ዘላ ተነሳች።

"እማማ! ምነው ታስደነግጪኛለሽ? ዞረሽ የት ሄደሽ ነው የመጣሽው?"

"የት እሄዳለሁ? ወደ ኋላ ቀርቼ ነው እንጂ። ስጠራሽ አትዞሪም እንዴ?"

"ለምን እዞራለሁ? አትዙሪ አላልሽኝም? ደግሞ ከኋላዬ ነበርሽ።"

"ግራሩ ሥር ነበርኩ የኔ ልጅ። እሾህ ወግቶኝ። ይኸው ደሙ።"

እግሬን አየች። መንገዱን አየች። "አትቀልጂብኝ እማማ። እዚህ እስክቀመጥ ድረስ ስታንጎራጉሪ ነበር። አንድ ጊዜ አቋረጥሽ፣ ቆምኩልሽ፣ ከዚያ ቀጠልሽ።"

"ይሄን ጆሮሽ ላይ አድርገሽ?"

እጇን ወደ ሄድፎኑ ሰደደች፣ አውልቃ አየችው፤ የሌላ ሰው ዕቃ እንደያዘ ሰው።

"ምን ከፍተሽ ነበር?" አልኳት።

"ምንም። ራሴን ስላመመኝ ለዝምታው ነው ያደረግኩት።"

"ድምፁ የኔ ነበር?"

መንገዱን እንደገና አየች። "ዝቅ ያለ ነበር" አለች። "ደክሞሽ መስሎኝ ነበር።"

ደንበኛዬ ቤት ገባን። ታማ ነበር፤ ግን ስታየኝ ቀና አለች። ገለፈቱን በቅል አቀረቡልን። ዓይኗ በደንብ አያይም። ከእኔ ጋር ተሳስማ፣ ከልጅ ልጄ ጋር ተሳስማ፣ እጇን እንደዘረጋች ትንሽ ቆየችና ወደ በሩ፣ "ግቡ እንጂ" አለች። በሩ ላይ የቆመ ሰው አላየሁም። የልጅ ልጄ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ተቀመጠች።

አሁን ጂንካ ሰው ይጠይቀኛል። ያ የኤርፎን ሻጭ ሳይቀር፣ "እማማ፣ እውነት ያ ውዱ ዋጋውን ያወጣል?" ይለኛል፣ ገበያው እንዳይበላሽበት እየፈራ። ለሰሚው ነው እለዋለሁ። የጠራ ነገር ለሚፈልግ ያወጣል፤ የገበያዋን ፍየል እንኳ ያሰማል፣ ያልተቀዳውንም አልተቀዳም ብሎ በግልጽ ይነግራል። እኔ ግን ከሻጩ ገዝቼ በፕላስተር አስራለሁ። ካሴቱን እንደገና መስማት ጀምሬያለሁ፣ በግራ ጆሮዬ። በቀኜ የሚመጣው ከማን እንደሆነ መጠየቅ ትቻለሁ። እንደዚያ የተዘጋ ጆሮ ውስጥ መንገድ ካገኘ፣ የኔ ክፍት ጆሮ ምኑ ነው?

በማግስቱ ከአርቦሬ ስንመለስ የልጅ ልጄ ሄድፎኑን ከቦርሳዋ ሥር ከተተችው። "ዛሬ አንቺ ቅደሚ" አለችኝ። ዘገምተኛ ነኝ ብላትም እሺ አላለችም። ቀደምኩ። ከስንት ዓመት በኋላ የመጀመሪያውን ስንኝ አወጣሁ። ከኋላዬ የልጅ ልጄ አፏን ዘግታ ሞከረችው፤ ወጣት ድምፅ ነው፣ ቀጭን፣ አልፎ አልፎ ይስታል፣ እየሳቀች ታቃናዋለች። ትንሽ እንደሄድን ሳቋን አቆመች። ከእሷ ድምፅ ሥር፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ የማይስት ሌላ ድምፅ ነበር።

የልጅ ልጄ አልዞረችም። እኔም አልዞርኩም፤ ቀጣዩን ስንኝ አወጣሁ። ስንት ሆነን እንደተመለስን አልቆጠርኩም።